መጋጠሚያው የማይታይ የብረት ጌጥ፦ ባክግራውንድ በጊምፕ ስንሠራ



የተመራቂዎች ሰርተፊኬት፣ የዒድ ካርድ፣ የፕሮግራም ባነር፣ የጋዜጣ ሽፋን፤ ሁሉም ከጽሑፉ በስተጀርባ የሚነጠፍ ነገር ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው አንድ ወርቃማ ምስል ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠጥ ነው። ምስሉ ትንሽ ከሆነ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ጎን ለጎን ሲደረደር ደግሞ እንደ ተጣፈ ልብስ መጋጠሚያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የማን እንደሆነና ባለቤቱ ይፍቀድ አይፍቀድም አይታወቅም። አንድ ተማሪ አራት ዓመት ለፍቶ የሚቀበለው ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ደስ አይልም።

ስለዚህ ዛሬ ኢንሻአላህ አንድ ትንሽ ካሬ ምስል እንሠራለን፤ ከላሜራ ተመትቶ የወጣ የሚመስል፣ በቀኝም በግራም፣ በላይም በታችም ቢደረደር የት እንደተጋጠመ የማይታወቅ።

መሣሪያችን ጊምፕ ነው። የጀመሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ ለሕዝብ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። በነፃ ይወርዳል፤ በነፃ ለሌላ ሰው መስጠትም ይቻላል። ፎቶሾፕ ላላችሁም አሠራሩ ብዙ አይለይም፤ የሜኑ ስሞቹ ብቻ ይለያያሉ። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው «ክራክ» የተደረገው ግን ከሚያመጣው ቫይረስ በላይ የሰው ሐቅ አለበት። እኔ የምጠቅሳቸው ስሞች የጊምፕ 2.10 ናቸው፤ በአዲሱ እትም አንዳንዶቹ ቦታ ቀይረዋል።

ለምን ትንሽ ካሬ? አንድ ኤ4 ገጽ በጥሩ የኅትመት ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ፣ 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ሲባዛ 8.7 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይሆናል። ለእያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ባይት ስትይዙ ከመጨመቁ በፊት 26 ሚሊዮን ባይት ነው። 512 በ512 የሆነ ካሬ ግን 786,432 ባይት ብቻ ነው፤ ከሠላሳ ሦስት እጅ አንዱ። በቴሌግራም ስትላላኩት፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ስትከፍቱት ልዩነቱ ይታወቃችኋል።

ካሬውን ብቻ የመሥራት ሐሳብ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። በኢስታንቡል የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ አንድ ረጅም የጥቅልል ወረቀት አለ። የተሠራው በኢራን አካባቢ በ15ኛው መጨረሻ ወይም በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። በውስጡ 114 ሥዕሎች አሉ። ባለሙያው ሙሉ ግድግዳ አልሣለም፤ አብዛኞቹ ሥዕሎች የሚደጋገመውን አንድ ክፍል ብቻ የያዙ ናቸው። ያንን የያዘ ሰው እያገላበጠና እየደጋገመ ግድግዳውን ይሞላዋል።

ለዛሬው ሥራ የበለጠ የሚቀርበን ግን የካሻን ከተማ ነው። የካሻን ሸክላ ሠሪዎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብና በኮከቦቹ መሀል የሚገባ ባለ አራት ክንድ ቅርጽ እያጋጠሙ ግድግዳ ያለብሱ ነበር። በፋርስኛ ባለ ቀለም የግድግዳ ሴራሚክ «ካሺ» የሚባለው ከዚህ ከተማ ስም ነው። የሚገርመው ሴራሚኩ እንደ ብረት ያብረቀርቅ ነበር። አንድ ጊዜ ተቀብቶ ከተተኮሰው ሴራሚክ ላይ የብርና የመዳብ ውሕድ ያለበት ቀለም ይቀቡና አየር በሌለው፣ ጭስ በሞላበት ምድጃ እንደገና ይተኩሱታል። ጭሱ ኦክስጅኑን ከውሕዱ ላይ ይወስደዋል፤ ላዩ ላይ በዓይን የማይለይ ስስ የብረት ሽፋን ይቀራል። ከዚያው ከተማ የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የወጣው አቡል ቃሲም በ1301 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሙያ ጽፎ አልፏል። ከእነዚህ ሴራሚኮች የታወቁት በቬራሚን ከተማ ከሚገኘው የኢማምዛደህ የሕያ መቃብር የመጡት፣ በ660 ሂጅራ አካባቢ የተሠሩት ናቸው፤ ዛሬ በብዙ አገር ሙዚየሞች ተበትነው ይገኛሉ። እኛም የምንሠራው ይህንኑ ኮከብ ነው፤ ምድጃ ግን አያስፈልገንም።

መጋጠሚያው ለምን ይታያል?

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ብንረዳ ቀሪው ሁሉ ይቀላል። የካሬው ፒክስሎች ከግራ ወደ ቀኝ ከ0 እስከ 511 ይቆጠራሉ። ካሬው ሲደረደር ከ511 ቀጥሎ የሚመጣው የሚቀጥለው ካሬ 0 ነው፤ ልክ በሰዓት ላይ ከ12 በኋላ 1 እንደሚመጣው። የቀኙን ጠርዝ ከግራው ጋር ብታጣብቁት ቱቦ ይሆናል። የቱቦውን ሁለት አፎች ደግሞ ብታገናኙ የመኪና ከመነዳሪ ታገኛላችሁ። ከመነዳሪ ላይ ጠርዝ የሚባል ነገር የለም። ችግሩ ሶፍትዌሩ ይህንን አያውቅም፤ ለእሱ ካሬው ጠርዝ ያለው ወረቀት ነው።

እንግዲህ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያሉትን ሥራዎች በሦስት ከፍላችሁ እዩአቸው። አንዳንዱ እያንዳንዱን ፒክስል ለብቻው ያያል፤ ማብራት፣ ማጥቆር፣ ቀለም መቀየር ከዚህ ናቸው። እነዚህ መጋጠሚያ አይነኩም፤ በፈለጋችሁት ሰዓት አድርጓቸው። ሌላው የፒክስሉን ጎረቤቶች ያያል፤ ማደብዘዝ፣ ጎላ አድርጎ ማውጣት፣ መጠን መቀነስ ከዚህ ይመደባሉ። ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጎረቤት ስለማያገኝ የራሱን ግምት ይሞላል፤ መጋጠሚያው የሚወለደውም እዚያ ነው። ሦስተኛው ፒክስሉ ያለበትን ቦታ ያያል፤ ወይም ለየቦታው ዕጣ ያወጣል። ከግራ ወደ ቀኝ እየደመቀ የሚሄድ ቀለም፣ ማለትም ግራዲየንት፣ እና ኖይዝ የሚባለው ብትን ነጥብ ከዚህ ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ዕጣ የሚያወጣው ሥራ በትንሹ ካሬ ላይ ቀድሞ ይሠራል። ከዚያ ካሬው ሦስት በሦስት ተደርድሮ ትልቅ ሉህ ይሆናል። ጎረቤት የሚያየው ሥራ ሁሉ በትልቁ ሉህ ላይ ይሠራል። በመጨረሻ የመሀለኛው ካሬ ተቆርጦ ይወጣል፤ እሱ በስምንቱም አቅጣጫ እውነተኛ ጎረቤት ስለነበረው ጠርዙ አይበላሽም። ግራዲየንት ግን በካሬው ላይ በጭራሽ አይገባም። አንዱ ጎኑ ደማቅ፣ ሌላው ጨለማ የሆነ ካሬ ሲደረደር የደረጃ መልክ ይይዛል። ብርሃኑ ገጹን አቋርጦ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ካሬው ከተነጠፈ በኋላ በሙሉ ገጹ ላይ ጨምሩት።

ኮከቡ

512 በ512 የሆነ አዲስ ምስል ክፈቱና በጥቁር ሙሉት። በላዩ ላይ ምንም ያልተቀባ ሌየር ጨምሩ። አራት ማዕዘን መምረጫውን ይዛችሁ በመሣሪያው ማስተካከያ ላይ ቦታውን 75 እና 75፣ መጠኑን 362 በ362 ብላችሁ በቁጥር አስገቡ። የተመረጠውን በነጭ ሙሉና ምርጫውን በ«ሴሌክት ነን» አጥፉት። ሌየሩን አባዙት፤ ቅጂውን «ሌየር» ከዚያ «ትራንስፎርም» ውስጥ ገብታችሁ 45 ዲግሪ አዙሩት። በመጨረሻ «ፍላተን ኢሜጅ» በሉት። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ወጣላችሁ።

362 ከየት መጣ? የዞረው ካሬ አራት ጫፎች የምስሉን አራት ጎኖች መሀል ላይ እንዲነኩ ሰያፉ 512 መሆን አለበት። ሰያፉን ለካሬ ሥር 2 ስናካፍል ጎኑ 362 ይሆናል። ከ512 ላይ 362 ስንቀንስ የሚቀረው 150 ነው፤ ግማሹ 75 ነው። ካሬዎቹ ሲደረደሩ የአንዱ ኮከብ ጫፍ የጎረቤቱን ጫፍ ይነካል፤ በአራት ኮከቦች መሀል የሚቀረው ጥቁር ቦታ ያንን የካሻን ባለ አራት ክንድ ቅርጽ ራሱ ይሰጣችኋል።

ለኮከቡ ክፈፍ ብናወጣለት ያምራል። ነጩን በቀለም መምረጫ ያዙ፤ «ሴሌክት» ውስጥ «ሽሪንክ» ብላችሁ በ24 ፒክስል አጥብቡት፤ የቀረውን ምርጫ በመካከለኛ ግራጫ ሙሉት። የግቢ በር ላይ ላሜራው ተጨምቆ ክፈፉ ወጣ፣ መሀሉ ገባ ብሎ የሚታየውን አስቡ።

ይህ ጥቁርና ነጭ ምስል ጌጡ ራሱ አይደለም። የከፍታ ካርታ ነው፦ ነጭ ከፍ ያለ፣ ጥቁር ዝቅ ያለ፣ ግራጫ በመካከል ያለ። የሰርቬይንግ ኮርስ የወሰዳችሁ ወዲያው ይገባችኋል።

ብረቱ

ሌላ 512 በ512 ምስል ክፈቱና በመካከለኛ ግራጫ ሙሉት። ከ«ፊልተርስ» ውስጥ «ኖይዝ»፣ ከዚያ «አርጂቢ ኖይዝ» ምረጡ። «ኢንዲፔንደንት አርጂቢ» የሚለውን ምልክት አጥፉት፤ አለበለዚያ ባለ ቀለም ብትን ይወጣል። ዕጣው ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ኖይዝ አይነካም።

አሁን 1536 በ1536 የሆነ ሦስተኛ ምስል ክፈቱ። ወደ ኮከቡ ምስል ሂዱና ኮፒ አድርጉ። ኮፒ ያደረጋችሁት ነገር በ«ፓተርንስ» ሰሌዳ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ይገኛል፤ እሱን መርጣችሁ በትልቁ ምስል ላይ «ኤዲት» ውስጥ «ፊል ዊዝ ፓተርን» በሉ። ዘጠኝ ኮከብ ይሞላል። አዲስ ሌየር ጨምሩና የብረቱንም ካሬ በተመሳሳይ መንገድ ሙሉበት። ሌየሮቹን «ከፍታ» እና «ብረት» ብላችሁ ሰይሟቸው።

«ከፍታ» ላይ ጋውሲያን ብለር በ5 ፒክስል አድርጉ። ይህ ለጠርዙ ተዳፋት ለመስጠት ነው። ሳይደበዝዝ ከቀረ ከነጭ ወደ ጥቁር የሚዘልለው በአንድ ፒክስል ስለሆነ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም፤ የሚወጣውም በመርፌ የተጫረ የሚመስል ቀጭን መስመር ብቻ ነው። «ብረት» ላይ ደግሞ «ሊኒየር ሞሽን ብለር» በ60 ፒክስል ርዝመትና በ0 ዲግሪ አድርጉ። ብትን ነጥቦቹ ወደ ጎን ተስበው በብሩሽ የተፈገፈገ አሉሚኒየም ይመስላሉ። ከትልቁ ሉህ ዳር ያሉት ፒክስሎች ይበላሻሉ፤ ግድ የለም፣ እኛ የምንቆርጠው ከዳር 512 ፒክስል ርቆ ነው።

ጎላ አድርጎ ማውጣት

ባምፕ ማፕ የሚባለውን ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጂም ብሊን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዓይናችን ከፍታን የሚያውቀው በብርሃንና በጥላ ስለሆነ፣ ገጹን በእውነት ማንሳት ሳያስፈልግ ብርሃኑን ብቻ አስልቶ መቀባት ይበቃል። ሶፍትዌሩ በየፒክስሉ የከፍታ ካርታው ወዴት እንደሚያዘነብል ያያል፤ ወደ ብርሃኑ ያዘነበለውን ያበራል፣ ጀርባውን የሰጠውን ያጠቁራል።

«ብረት» የሚለውን ሌየር ይዛችሁ «ፊልተርስ»፣ «ማፕ»፣ «ባምፕ ማፕ» ግቡ። ረዳት ምስል የሚጠይቀው ቦታ ላይ «ከፍታ»ን ስጡት። «ኮምፐንሴት» የሚለውን ምልክት አድርጉበት፤ ጠፍጣፋው ቦታ እንዳይጨልም ይጠብቃል። «አዚመዝ» የብርሃኑ አቅጣጫ ነው፤ 135 ላይ ተዉት፣ ከላይ ከግራ ይመጣል። «ኤሌቬሽን» ብርሃኑ ከገጹ በላይ ያለው ማዕዘን ነው፤ 45 ጥሩ መነሻ ነው። «ዴፕዝ» ጥልቀቱ ነው፤ ከ15 እስከ 25 ሞክሩ።

አዚመዙን አትናቁት። አእምሯችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚያስብ፣ ብርሃኑን ከታች ብታደርጉት የወጣው ኮከብ የገባ ጉድጓድ መስሎ ይታያል። ካላመናችሁ ያለቀውን ምስል ስልካችሁ ላይ ገልብጣችሁ እዩት። በአንድ ገጽ ላይ ሌላ ጥላ ያለው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ርዕሱ ወይም ማኅተም የሚመስል ጌጥ፣ የሁሉም ብርሃን ከአንድ ወገን መምጣት አለበት።

አሁን ያላችሁ ነገር ወጣ ገባ ነው፤ ግን ጂፕሰም እንጂ ብረት አይመስልም። ጂፕሰም ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትን ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው። ብረት ግን መስታወት ነው፤ በዙሪያው ያለውን ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ደማቁና ጨለማው ጎን ለጎን ይመጣሉ። ይህንን ለማስመሰል «ከለርስ» ውስጥ «ከርቭስ» ግቡና ቀጥ ያለውን መስመር ሞገድ አድርጉት፤ ሩብ ላይ ትንሽ ጉብታ፣ ግማሹን አለፍ ብሎ ትንሽ ሸለቆ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ። እጃችሁን አታክብዱ፤ ሞገዱ ከበዛ የብሩሹ ጭረት ሁሉ ይጮኻል። በዚሁ ሰሌዳ ላይ የመስመሩን የቀኝ ጫፍ ከ255 ወደ 230 አካባቢ ዝቅ አድርጉት።

ይህ የመጨረሻው ለወርቅ ነው። ፕላስቲክ ምንም ቀለም ቢኖረው የሚያብረቀርቅበት ነጥብ ነጭ ነው። ወርቅና መዳብ ግን ያንጸባረቁትን ብርሃን ራሱን ያቀልሙታል፤ የወርቅ ብልጭታ ቢጫ፣ የመዳብ ብልጭታ ቀላ ያለ ነው። ብርና አሉሚኒየም ግን ቀለም አይጨምሩም። ምስላችሁ ውስጥ ንጹሕ ነጭ ካለ ቀለም መቀቢያው ነጭነቱን አይለውጠውም፤ ውጤቱም ቢጫ የፕላስቲክ ሳህን ይሆናል። ነጩን ዝቅ ካደረጋችሁ በኋላ «ከለራይዝ» ግቡና ከቢጫ ወደ ብርቱካን ትንሽ ያዘነበለውን ቀለም ምረጡ። ብር ከፈለጋችሁ ይህንን ዝለሉት።

መቁረጥና መፈተሽ

አራት ማዕዘን መምረጫውን ቦታ 512 እና 512፣ መጠን 512 በ512 አድርጉና «ኢሜጅ» ውስጥ «ክሮፕ ቱ ሴሌክሽን» በሉት። ካሬው ከ512 ያነሰ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ትልቁን ሉህ አሳንሱ፦ 1536 የነበረውን 768 አድርጋችሁ፣ መሀሉን 256 በ256 ቁረጡ። ማሳነስም ጎረቤት ያያል ብለናልና።

ፈተናው «ሌየር»፣ «ትራንስፎርም»፣ «ኦፍሴት» ነው። ወርዱንና ቁመቱን በግማሽ የሚገፋውን ቁልፍ ስትጫኑ አራቱ ጠርዞች ወደ ምስሉ መሀል ይመጣሉ። መሀሉን አጉልታችሁ ፈልጉ። በመሀሉ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ ኖይዙ የተሠራው በትልቁ ሉህ ላይ ነው፣ ወይም ብለሩ በትንሹ ካሬ ላይ ነው። ምንም ከሌለ እንደገና ኦፍሴት ስትሉት ወደ ቦታው ይመለሳል።

መስመሩ ጠፍቶም ግን ዓይን የሚይዘው ነገር ሊኖር ይችላል። አንድ ለየት ያለ ደማቅ ጭረት በካሬው ውስጥ ካለ፣ ሃያ ጊዜ ሲደጋገም ሃያ እኩል የተራራቁ ጭረቶች ይሆናል። ገጹን ነጥፋችሁ ከሁለት ሜትር ርቀት፣ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩት። የሚጮኸውን ነጥብ በ«ሂል» መሣሪያ አጥፉት፤ ጠርዙ አጠገብ ከሆነ በኦፍሴት ወደ መሀል አምጥታችሁ።

ጽሑፉ የሚነበበው በላዩ ላይ ነው

እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። የእኛ ፊደል አንዱን ከሌላው የሚለየው በትንሽ ነገር ነው፤ ሰ፣ ሱ፣ ሲ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቅጥያ ናት። በዐረብኛም ባእ፣ ታእ እና ሳእ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ እንደሆነ ገና አሊፍ ስንል የተማርነው ነው። የሚያብረቀርቅ ጭረትና የኮከብ ጠርዝ እነዚህን ይውጣቸዋል። ለጽሑፍ የሚሆን ባክግራውንድ ከወደዳችሁት ይልቅ ደብዘዝ ያለ መሆን አለበት። ከጽሑፉ በታች በአንድ ቀለም የተሞላ ሌየር አስገቡና «ኦፓሲቲ»ውን ከ70 እስከ 85 በመቶ አድርጉት፤ ወይም ጌጡን ለዳር ክፈፍ ብቻ ተጠቀሙበት። ለሰርተፊኬት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በካሬው ውስጥ ደግሞ ቅርጽ እንጂ የቁርኣን አያ ወይም የአላህ ስም ባይገባ ጥሩ ነው እላለሁ። የካሻን ሰዎች በኮከቦቻቸው ዳር ዙሪያ ይጽፉ ነበር፤ የእነሱ ግን ሙሉ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። የእኛ ካሬ ገጹ ባለቀበት ይቆረጣል፤ የተረፈውም ወረቀት ማተሚያ ቤቱ ወለል ላይ ይወድቃል።

ስታስቀምጡት በፒኤንጂ አስቀምጡ። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 በሆኑ ሳጥኖች እየከፈለ መረጃ ስለሚጥል፣ ጥራቱ ዝቅ ሲል ጠርዙ ላይ የነበረው መስማማት ሊናጋ ይችላል። በጊምፕ ውስጥ ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ «ኤክስፖርት አዝ» ብላችሁ የፋይሉን ስም በነጥብ ፒኤቲ ጨርሱትና በጊምፕ የራሳችሁ ፎልደር ሥር ባለው የፓተርንስ ፎልደር ውስጥ አስገቡት። ፋይሉን በፍላሽ ለሌላ የምትሰጡ ከሆነም እሱ የሚያስገባው እዚያው ነው፤ ከዚያ በፓተርንስ ሰሌዳ ላይ ሪፍሬሽ ሲል ኮከቡ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ይመጣል።